የከባድ መኪና ጎማ ሚዛን፤ የቸርኬ እርሳስ ወይስ የጎማ ውስጥ ዶቃ?

እህል፣ ማዳበሪያ፣ ወተትና አትክልት በሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች ላይ ከሚወጣው ወጪ መካከል የጎማ ወጪ ጎላ ብለው ከሚታዩት አንዱ ነው። በተለይም ሁለቱ የፊት ጎማዎች መኪናው የሚመራባቸው በመሆናቸው፣ ያለጊዜያቸው መበላሸታቸው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሾፌሩና የረዳቱ ሕይወትም ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ የራሳቸው የጭነት መኪና ላላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ዩኒየኖችና የእርሻ ድርጅቶች፣ እንዲሁም በየከተማው ለሚገኙ ጎሚስታዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚመለከተውም ጎማን ሚዛን ስለማስያዝ፣ በጋራዥ አነጋገር ባላንስ ስለማሠራት ነው።

ለረጅም ዘመን የተለመደው ዘዴ በቸርኬው ጠርዝ ላይ ትንሽ የእርሳስ ወይም የብረት ሚዛን መቆንጠጥ ነው። ከዚህ ሌላ በጎማው ውስጥ ጥቃቅን የብርጭቆ ወይም የሴራሚክ ዶቃዎችን ጨምሮ፣ ዶቃዎቹ መኪናው ሲሄድ ራሳቸው ወደሚገባቸው ቦታ ተጉዘው ሚዛኑን ያበጃሉ የሚባልበት ዘዴ አለ። ይህ ዘዴ በሰሜን አሜሪካ በከባድ መኪና ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ማሽን አያስፈልገውም፣ ጭቃና ድንጋይ አያስወልቀውም ስለሚባል ለእኛ አገር መንገድ የተፈጠረ ይመስላል። እውነት ይህን ያህል ይጠቅማል ወይ? ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የሚዛን መዛባት ጉዳት

ማንኛውም ጎማ ዙሪያውን ፍጹም እኩል ክብደት የለውም። ላስቲኩ አንድ ቦታ ላይ ይወፍራል፤ ሽቦው ይደራረባል፤ ቸርኬው ቫልቭ የሚወጣበት ቀዳዳና የብየዳ መስመር አለው፤ በኋላም ቁራሽ ይለጠፍበታል። ጎማው ቆሞ ሳለ ይህ ልዩነት ምንም አያደርግም። ሲሽከረከር ግን የከበደው ወገን ወደ ውጭ ይጎትታል፤ ጉተታውም ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ይሆናል።

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት፣ ቁመቱ 1.10 ሜትር የሆነ የከባድ መኪና ጎማ ጥርሱ ላይ በአንድ ወገን 100 ግራም ትርፍ ክብደት አለው እንበል። መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የጉተታው ኃይል ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ከ2 ኪሎ ጥቂት ያልፋል። በ80 ኪሎ ሜትር ግን 9 ኪሎ ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት ጎማው በሰከንድ ስድስት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚዞር፣ 9 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ በየሰከንዱ ስድስት ጊዜ አክስሉን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደሚመታው ያህል ነው።

የዚህ ውጤት መጀመሪያ የሚታየው በጎማው ጥርስ ላይ ነው። ዙሪያውን እኩል ከማለቅ ይልቅ እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ይበላል፤ በመዳፍ ሲዳሰስ ማዕበል ይመስላል። ቀጥሎ ኩሽኔታው፣ የመሪው መገጣጠሚያዎችና የባሌስትራው ማያያዣዎች ይላላሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ መሪ ይዞ ሲውል ክንዱና ትከሻው ይዝላል። ጭነቱም ከዚህ አያመልጥም። ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ በሣጥን የሚጫን ቲማቲም የታችኛው ረድፍ የሚጨፈለቀው በመንገዱ ጉድጓድ ብቻ አይደለም፤ በአስፋልቱም ላይ የማያቋርጠው ንዝረት ፍሬውን ከሣጥኑ ጋር ሲያፋትገው ይውላል።

የሚዛን መዛባት ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ትርፍ ክብደቱ በጎማው ወርድ መሐል ሲሆን የሚታየው ነው፤ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል። ሁለተኛው ክብደቱ በአንድ በኩል በውስጠኛው ጎን፣ በሌላው በኩል ደግሞ በውጭኛው ጎን ሲሆን ነው፤ ይህ ጎማውን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል፣ መሪውም ይርገበገባል። ይህ ሁለተኛው ቆሞ ባለ ጎማ ላይ በእጅ ሊታወቅ አይችልም። የሚያሳየው የሚያሽከረክር ማሽን ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ውኃና ብሩሽ

በአገራችን በክረምት ወራት ለሚታየው የመሪ መርገብገብ ትልቁ ምክንያት ጎማው ሳይሆን ጭቃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። መኪናው ምርት ለማንሳት ወይም ማዳበሪያ ለማውረድ ወደ ቀበሌ ሲገባ ዋልካ አፈር በቸርኬው ውስጠኛ ጎድጓዳ ላይ ይጠቀጠቃል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ከጥርሱ ላይ ያለው ይረግፋል፤ በቸርኬው ውስጥ ያለው ግን ይደርቅና እንደ ጡብ ይሆናል። ከፊት ሲታይ ጎማው ንጹሕ ይመስላል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን የደረቀ ጭቃ በቸርኬው ውስጥ በአንድ ወገን ቢጣበቅ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ ይፈጥራል። ይህ ከላይ ከጠቀስነው ከጎማው የራሱ ጉድለት ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ መሪው መርገብገብ የጀመረው ከጭቃ መንገድ በኋላ ከሆነ ወደ ጎሚስታ ከመሄድ በፊት በመኪናው ሥር ገብቶ የአራቱንም ማዕዘን ቸርኬዎች ውስጠኛ ክፍል በእንጨት ፈልፍሎ፣ በውኃና በብሩሽ ማጠብ ይገባል። ለመንታ ጎማዎች ደግሞ በመካከላቸው የተወተፈ ድንጋይ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ድንጋዩ ሚዛን ከማዛባቱም በላይ የሁለቱንም ጎማዎች ጎን ይበላል።

ከእጥበት በኋላም መንቀጥቀጡ ካልቆመ የሚከተሉት በየተራቸው ይመርመሩ። የጎማው አየር ማለዳ ቀዝቅዞ ሳለ በመለኪያ ይለካ፤ በመዶሻ አንኳኩቶ መገመት አይበቃም። ዳዶዎቹ በተገቢው ኃይል በመስቀለኛ ተራ መጥበቃቸው፣ ኩሽኔታው አለመላላቱ፣ የመሪው መገጣጠሚያዎች አለመበላታቸው ይታይ። ከዚያም የፊት አክስሉን በክሪክ አንስቶ፣ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ አኑሮ፣ አንድ ብረት ወይም እንጨት መሬት ላይ ተክሎ ጫፉን ወደ ጎማው ጥርስ ማስጠጋትና ጎማውን ቀስ ብሎ ማዞር ያስፈልጋል። በጫፉና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ዙር ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለዋወጠ ጎማው ክብ አይደለም ማለት ነው፤ ወይም በቸርኬው ላይ በትክክል አልተቀመጠም። ክብ ያልሆነን ጎማ እርሳስም ሆነ ዶቃ አያቃናውም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ቅርጹ የተበላሸ ጎማ በክብደት ሊታረም ሲሞከር ሦስት አራት ጊዜ ወደ ማሽን ይመላለሳል።

አዲስ ጎማ ሲገጠም በጎኑ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለው፣ ነጥቡ ብዙውን ጊዜ የጎማው ቀላል ወገን ምልክት ስለሆነ ከቫልቩ ትይዩ እንዲሆን ይደረግ። ቫልቩ ያለበት ወገን ከበድ ስለሚል ሁለቱ ይካካሳሉ። ምንም ወጪ የሌለው ይህ ትንሽ ጥንቃቄ የሚፈለገውን ሚዛን በብዙ ይቀንሳል።

የቸርኬ እርሳስ

በባላንስ ማሽን ላይ ጎማው ከነቸርኬው ታስሮ ይሽከረከራል፤ ማሽኑም በውስጥና በውጭ ጎን የትኛው ቦታ ላይ ስንት ግራም እንደሚጎድል ያመለክታል። ባለሙያው በዚያ ቦታ ላይ ሚዛኑን ይቆነጥጣል ወይም ይለጥፋል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ሥራው የሚለካ መሆኑ ነው። ሚዛኑ ከተገጠመ በኋላ ጎማው እንደገና ሲሽከረከር ማሽኑ ዜሮ ካሳየ ሥራው ተሠርቷል፤ ካላሳየ አልተሠራም። ከላይ የገለጽናቸውን ሁለቱንም ዓይነት መዛባቶች ማረም የሚችለውም ይኸው ነው።

ሚዛኑ የሚቀመጠው በቸርኬው ላይ እንጂ በጥርሱ ላይ ባለመሆኑ፣ ጥርሱ ላይ ያለን 100 ግራም ለማካካስ በ20 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ 200 ግራም ያህል ያስፈልጋል። በከባድ መኪና ይህን ያህል መጠየቁ አያስደነግጥም። ማሽኑ ከ400 ግራም በላይ ከጠየቀ ግን ሚዛን ከመደርደር ይልቅ ጎማውን ፈትቶ፣ በቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ መግጠምና ውስጡን መመርመር ይሻላል። የታጠፈ ካላማዳሪ ወይም በጎማው ውስጥ የቀረ ውኃ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጉድለቱም የታወቀ ነው። ለከባድ መኪና የሚሆን የባላንስ ማሽን ከዋና ዋና ከተሞች ውጭ እንደ ልብ አይገኝም። በፒስታ መንገድ ላይ ድንጋይ፣ በጭቃ ውስጥ ደግሞ ጭቃው ራሱ ሚዛኑን ያስወልቀዋል፤ የወለቀውን ሾፌሩ የሚያውቀው መሪው ሲነግረው ነው። ጎማው እየተበላ ሲሄድም ክብደቱ ስለሚለዋወጥ፣ በአዲስነቱ የተሠራ ባላንስ እስከ መጨረሻው አያገለግልም። ከዚህም ሌላ ከአክስል ተፈትቶ የሚሠራ ማሽን የጎማውንና የቸርኬውን እንጂ የፍሬን ታምቡሩን መዛባት አያይም።

ስለ እርሳስ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እርሳስ መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በቀላል መኪናዎች ላይ የእርሳስ ሚዛን እንዳይገጠም የከለከለው ለዚሁ ነው፤ ዛሬ በምትኩ ከዚንክና ከብረት የተሠሩ ይገኛሉ። የወለቀ እርሳስ በእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ ተበትኖ መቅረት የለበትም። ልጆች እንዳይጫወቱበት፣ በተለይም ምግብ በሚበስልበት አካባቢ ወይም ዕቃ ውስጥ እንዳይቀለጥ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የጎማ ውስጥ ዶቃ

ዶቃዎቹ ከሰናፍጭ ፍሬ ያልበለጡ ለስላሳ እንክብሎች ናቸው። ለአንድ የከባድ መኪና ጎማ እንደ ስፋቱ ከ200 እስከ 400 ግራም ገደማ የሚገባ ሲሆን፣ ትክክለኛው መጠን ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ላይ ይታያል። መኪናው ሲቆም ዶቃዎቹ ወደ ጎማው ታች ይሰበሰባሉ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ዙሪያውን ይበተኑና ከጥርሱ ጀርባ ይለጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ጎማው የሚነዝር ከሆነ ንዝረቱ እየነቀነቀ ከከባዱ ወገን ወደ ቀላሉ ወገን ያሻግራቸዋል የሚል ነው ሐሳቡ።

ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1878 የወተት ክሬም መለያ ማሽን የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ጉስታፍ ደ ላቫል፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ተርባይኑ ቀጭንና ተለማጭ ዘንግ ሲጠቀም፣ የሚሽከረከር አካል ከአንድ የተወሰነ ፍጥነት ካለፈ በኋላ መንዘሩን ትቶ በራሱ የክብደት መሐል ዙሪያ ተረጋግቶ እንደሚዞር አሳይቷል። በልብስ ማጠቢያ ማሽን ከበሮ አፍ ላይ የሚገጠመው ፈሳሽ ያለበት ቀለበትም በዚሁ ሕግ ይሠራል።

ሕጉን ማንም ሰው በግቢው ሊያየው ይችላል። በአንድ ክንድ ገመድ ጫፍ ድንጋይ አንጠልጥሎ እጅን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ቢያንቀሳቅሱ ድንጋዩ እጅን ይከተላል። እጅን ፈጠን አድርገው ቢያመላልሱ ግን እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድንጋዩ ወደ ግራ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ድንጋዩ እጅግ የሚወዛወዝበት አንድ ፍጥነት አለ። አክስልም እንዲሁ ነው። መሽከርከሩ ከዚያ ፍጥነት በታች ሲሆን አክስሉ የከበደውን ወገን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል፤ በላይ ሲሆን ግን በተቃራኒው። ዶቃዎቹ የሚሄዱት ሁልጊዜ አክስሉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ወደ ቀላሉ ወገን የሚሻገሩት ከዚያ ፍጥነት በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ከባዱ ወገን ሄደው ነገሩን ያባብሳሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ያ ፍጥነት ስንት ነው የሚለው ይሆናል። የከባድ መኪና አክስል በጎማዎቹና በባሌስትራው መካከል ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘልበት የራሱ ምት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 10 ገደማ፣ ቢያንስም ወደ 8 ነው። ቁመቱ 1.10 ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ዙር 3.46 ሜትር ስለሚሄድ፣ በሰከንድ 8 ጊዜ ለመዞር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ 10 ጊዜ ለመዞር ደግሞ 125 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ያስፈልጋል። 30 ኩንታል የጫነ ቀላል መኪና እንኳ በዚህ ፍጥነት መሄድ የለበትም፤ 300 ኩንታል ከተሳቢ ጋር የጫነማ አይታሰብም። ስለሆነም መዝለልን በተመለከተ፣ የእኛ ከባድ መኪናዎች በሚሄዱበት ፍጥነት ዶቃው የሚሠራበት ዋናው ሁኔታ አይሟላም። የግራና ቀኝ እንዲሁም የፊትና የኋላ መወዛወዝ የራሳቸው ዝግ ያለ ምት ሊኖራቸው ስለሚችል በእነዚህ በኩል ጥቅም ሊገኝ ይችል ይሆናል። ዶቃው ግን በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከራሱ ክብደት ከ80 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ከጎማው ጀርባ ላይ ስለሚጫን፣ ጥቂት ንዝረት ከቦታው አያነቃንቀውም።

ታዲያ ዶቃ አስገብተው መሪያቸው ጸጥ ያለላቸው ሾፌሮች ውሸታቸውን ነው? አይደለም። ነገር ግን ዶቃ ሲገባ ምን እንደሚደረግ እናስተውል። ጎማው ይፈታል፤ ቸርኬው ከጭቃና ከዝገት ይጸዳል፤ አሮጌ ሚዛኖች ይነሳሉ፤ ጎማው እንደገና ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ አየሩ በመለኪያ ይሞላል፤ ዳዶው በአዲስ መልክ ይጠብቃል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን መንቀጥቀጡን ሊያጠፋ ይችላል። ምስጋናውን ግን ዶቃው ይወስዳል።

ዶቃ ለመጠቀም ለሚወስን

ይህን ሁሉ ስንል ዶቃ ፈጽሞ አይገባም ማለታችን አይደለም። የባላንስ ማሽን በአቅራቢያው የሌለው፣ መኪናው ግማሽ መንገዱን በፒስታ የሚሄድና የቸርኬ ሚዛን የማይበረክትለት ድርጅት ሊሞክረው ይችላል። ሲሞክር ግን ጥንቃቄዎቹን መጠበቅ አለበት።

የዶቃ ዋና ጠላት እርጥበት ነው። ጎማው ውስጥ ውኃ፣ የጎማ ማስገቢያ ሳሙና ወይም ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ካለ ዶቃዎቹ ተጣብቀው አንድ ቦታ ላይ ክምር ይሠራሉ፤ በዚህን ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ሆነ ማለት ነው። በክረምት የኮምፕሬሶር ጋን ውስጥ ብዙ ውኃ ይጠራቀማል። ስለዚህ በየማለዳው የጋኑ የታችኛው መክፈቻ ተከፍቶ ውኃው መውጣት ይኖርበታል። ይህ ዶቃ ባይኖርም ለቸርኬው ጤና ይጠቅማል።

ተራ የቫልቭ መርፌ ዶቃ ገብቶበት ሳይዘጋ ይቀርና አየር ያፈሳል። በመሆኑም ወንፊት ያለው ልዩ መርፌ መግጠም፣ አየር ከመለካትም በፊት ጥቂት አየር ወደ ውስጥ ነፍቶ በቫልቩ ውስጥ ያለውን ዶቃ መመለስ ያስፈልጋል። ካላማዳሪ በሌለው ጎማ ዶቃው ሲገጠም በቀጥታ ይጨመራል። ካላማዳሪ ባለው ባለ 20 ኢንች ጎማ ግን መግቢያው በቫልቩ በኩል ብቻ ነው፤ የከባድ መኪና ካላማዳሪ ቫልቭ ረጅምና የታጠፈ በመሆኑ ሥራው አሰልቺ ነው። ካላማዳሪው በተቀደደ ቁጥርም ዶቃው ይጠፋል።

ዶቃና የቸርኬ ሚዛን በአንድ ጎማ ላይ አብረው አይሄዱም። ዶቃ ያለበት ጎማ ወደ ባላንስ ማሽን ቢወሰድ ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ነው። የማሽኑ ዘንግ እንደ መኪና አክስል ነጻ ሆኖ ስለማይወዛወዝ ዶቃዎቹ እንደ ዕድላቸው በተበተኑበት ይቀራሉ፤ በእያንዳንዱ ሙከራም ቁጥሩ ይለያያል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ቁጥሩን ተከትሎ እርሳስ ሲደረድር ይውላል። ስለዚህ ዶቃ ያለበት ቸርኬ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት።

አሸዋ፣ የብረት ብናኝ፣ የጥይት እርሳስ ወይም ሌላ በቤት የተገኘ ነገር በዶቃ ፋንታ መጨመር ክልክል ነው። አሸዋ ካላማዳሪውንና የጎማውን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ሞረድ ይበላል፤ ብረት ይዝጋል።

የቀለበት ቸርኬ አደጋ

ጎማ መፍታትን ካነሳን ዘንድ፣ ከሚዛን ሁሉ የሚበልጠውን ጉዳይ መናገር ግዴታ ነው። ብዙዎቹ የእኛ ከባድ መኪናዎች ቸርኬ ባለ ቀለበት ነው። በጎማው ውስጥ ያለው አየር ከ7 እስከ 8 ባር ስለሚደርስ፣ ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ ወይም ዝጎ ተሰንጥቆ እያለ ቢፈናጠር ሰው ይገድላል። መንታ ጎማ ሲሆን ዳዶው ከመፈታቱ በፊት የቫልቭ መርፌው ወጥቶ የሁለቱም ጎማዎች አየር ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ቸርኬው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና። ሲሞላም ጎማው በብረት ቀፎ ውስጥ ገብቶ፣ ቢያንስ በጠንካራ ሰንሰለት ተጠምዝዞ፣ ሠራተኛው በረጅም ቱቦ ከቀለበቱ ፊት ለፊት ርቆ በጎን በኩል ቆሞ ይሙላ። ከተገቢው አየር ከ20 በመቶ በላይ ጎድሎበት የተነዳ ጎማ እዚያው መኪናው ላይ እንዳለ መሞላት የለበትም፤ ተፈትቶ ይመርመር። ቀለበቱን አየር እያለው በመዶሻ እየመቱ ማስተካከል በየመንገዱ ዳር የሚታይ ልማድ ነው። መቆም አለበት።

ትራክተርና ተጎታች

አንዳንድ የእርሻ ድርጅቶች ለትራክተርም ባላንስ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቃሉ። አያስፈልግም። የትራክተር ጎማ ትልቅና ዝግተኛ ነው፤ በሰዓት 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድበት ጊዜ የጥቂት መቶ ግራሞች ልዩነት የሚያመጣው ጉተታ ከጎማው ጥርስ እርግጫ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ትራክተር በመንገድ ላይ የሚዘል ከሆነ የግራና የቀኝ ጎማው አየር እኩል አለመሆኑ፣ ጎማው ለረጅም ጊዜ ቆሞ በአንድ ወገን መጨፍለቁ ወይም ለክብደት የተሞላው ውኃ መጠን መለያየቱ ይመርመር። ውኃ ባለበት ጎማ ውስጥ ዶቃ ማስገባት ደግሞ ጭቃ ከማቡካት አይለይም።

ማሽን በሌለበት የፊት ጎማን በእጅ መመዘን

ለከባድ መኪና የፊት ጎማ፣ ማሽን በማይገኝበት ቦታ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓይነት መዛባት በእጅ ማረም ይቻላል። አክስሉ በክሪክ ተነስቶ በድጋፍ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ፍሬኑ ላላ ይደረግና ጎማው ያለ ምንም መያዝ መዞሩ ይረጋገጥ። ጎማው ቀስ ብሎ ተሽከርክሮ ራሱ እስኪቆም ይጠበቅ። ሁልጊዜ አንድ ወገን ወደ ታች የሚመጣ ከሆነ የከበደው ያ ነው፤ ከላይ ያለው ትይዩ ቦታ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። በዚያ ቦታ 50 ግራም ሚዛን ተቆንጥጦ ጎማው ሩብ ዙር ይዙርና ይለቀቅ። ምልክቱ ወደ ላይ ከተመለሰ ሚዛን ይጨመር፤ ወደ ታች ከወረደ ይቀነስ፤ በተለቀቀበት ከቆመ በቂ ነው። ሚዛኑ ከበዛ ግማሹ በውስጥ፣ ግማሹ በውጭ ጠርዝ ይሁን። ኩሽኔታው በቅባት ከተያዘ ወይም ከጠበቀ ጥቂት ግራሞችን አያሳይም፤ ቢሆንም ትልቁን ጉድለት ያጠፋል።

በእኛ አስተያየት አንድ ዩኒየን አምስትና ከዚያ በላይ ከባድ መኪናዎች ካሉት፣ የፊት ጎማዎቹን ወደ ከተማ በሚመላለሱበት ጊዜ በማሽን ማስመዘኑ ዶቃ ከመግዛት ይቀድማል። ዶቃን መሞከር የሚፈልግ ደግሞ መኪናዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድርግ። በአንድ ዓይነት መንገድ የሚመላለሱ፣ አዲስና ተመሳሳይ የፊት ጎማ የተገጠመላቸው ሁለት መኪናዎች ይምረጥ። በአንደኛው ላይ በማሽን የተሠራ የቸርኬ ሚዛን፣ በሁለተኛው ላይ ዶቃ ይሁን፤ የሁለቱም ቸርኬ እኩል ይታጠብ፣ አየራቸውም እኩል ይለካ፤ ያለዚህ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የጥርሱ ጥልቀት በጎማው ዙሪያ በስድስት ቦታ፣ በውስጥ ጎን፣ በመሐልና በውጭ ጎን ተለክቶ ቀኑና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ሾፌሩም መሪው በስንት ፍጥነት እንደሚርገበገብ ሳይጠየቅ ራሱ ያስመዝግብ። በአንዱ ጎማ ዙሪያ በጥልቁና በተበላው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት በየጊዜው እየሰፋ ከሄደ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ በዚያ ጎማ ላይ ያለው ሚዛን አልሠራም።